ከትምህርት ሰዓት ውጭ የምንሠራውን ሥራ ስለ መምረጥ

በየዓመቱ ትምህርት ሲከፈት የየክበቡ ተጠሪዎች ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ወደየክፍላችን ይመጣሉ። የአካባቢ ጥበቃ፣ የቀይ መስቀል፣ የሥነ ጽሑፍ፣ የሚኒ ሚዲያ፣ የስፖርት እየተባለ ስም ይጠራል፤ ተማሪውም እጁን እያወጣ ይመዘገባል። ነገር ግን አብዛኞቻችን የምንመዘገበው ጓደኛችን የገባበትን አይተን እንጂ ነገሩን መርምረን አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚያስብ ተማሪ ከትምህርት የተረፈችውን ጥቂት ጊዜ በምን ላይ ቢያውላት ይጠቅመዋል? በዚህች አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው ይህንን ነው።

አስቀድሜ የራሴን ስሕተት ልናገር። የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ በአራት ክበቦች ተመዘገብሁ። ዓመቱ ሲያልቅ ሁለት የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ወስጄ ለአባቴ አሳየሁት። አባቴ «እስቲ አንብብልኝ» አለኝና ጨርሼ ሳነብለት «መልካም ነው ልጄ፤ ምን ሠርተህ ነው የሰጡህ?» ሲል ጠየቀኝ። የምመልሰው አጣሁ። በስብሰባ ተቀምጬ ከማጨብጨብ በቀር የሠራሁት ሥራ አልነበረምና። በዚያው ዓመት የሒሳብ ውጤቴም ዝቅ ብሎ ስለ ነበር፣ ከሁለት ያጣ ጎመን ሆኜ ነበር ለማለት ይቻላል።

በአገራችን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ነው። የክበብ አባልነት በዚህ ውጤት ላይ አንዲት ነጥብ አይጨምርም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ተፈትነው ውጤቱ በ2015 ዓ.ም. ሲነገር፣ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ብዙዎቻችን ከገጠር መጥተን፣ በከተማ ቤት ተከራይተን፣ ስንቃችንን በየሳምንቱ ከቤት እያመላለስን የምንማር ነን። ለኪራዩና ለደብተሩ በግ የሸጠ አባት «ክበቡን ተውና አጥና» ቢል እንግዲህ ማን ይፈርድበታል?

በሌላ አገር ግን ልማዱ ልዩ ነው። በአሜሪካ ከ1000 የሚበልጡ ኮሌጆች በኅብረት የሚቀበሉት አንድ የማመልከቻ ቅጽ አለ። በዚህ ቅጽ ላይ አመልካቹ ከክፍል ውጭ የሠራቸውን እስከ 10 የሚደርሱ ሥራዎች እንዲጽፍ ይጠየቃል። ከሥራዎቹም ዓይነት መካከል ደመወዝ የሚያስገኝ ሥራና በቤተ ሰብ ውስጥ ያለ ኃላፊነት ተቈጥረዋል። ስለዚህ ታናናሾቿን የምታሳድግ፣ ውኃ የምትቀዳ እኅታችን፣ ወይም በአጨዳና በውቂያ ወራት አባቱን የሚያግዝ ወንድማችን «እኔ ምንም ሥራ የለኝም» ብሎ ማፈር አይገባውም። ያ ሥራ እውነተኛ ሥራ ነው።

እንግዲህ ፈተናው ነጥብ የማይሰጠን ከሆነ፣ ወደ ውጭ አገር የሚያመለክተውም ከመካከላችን ጥቂት ሰው ብቻ ከሆነ፣ ለምን እንደክማለን? መልሱ እንዲህ ይመስለኛል። ከክፍል ውጭ ያለ ሥራ ጥቅሙ በወረቀቱ ላይ ሳይሆን፣ የጀመሩትን እስከ መጨረሻው የማድረስ ልማድ በመስጠቱ ነው። ይህም ልማድ ዩኒቨርሲቲ ገብተን ቀስቃሽና ተቈጣጣሪ በሌለበት ስንኖር ያስፈልገናል። ይህን የሚሰጥ ሥራ ለመምረጥ ሦስት ጥያቄዎችን ራሳችንን እንጠይቅ።

የመጀመሪያው ጥያቄ «እኔ ብቀር የሚጐድል ነገር አለን?» የሚል ነው። በ10ኛ ክፍል ሦስቱን ክበቦች ትቼ በአካባቢ ጥበቃ ክበብ ብቻ ቀረሁ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆነን በክረምቱ ከተተከሉት የጽድ ችግኞች 60ውን ለመጠበቅ ተረከብን። የመንዝ ውርጭ በኅዳርና በታኅሣሥ ምን እንደሚያደርግ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ማታ ማታ ችግኞቹን በሣር እንሸፍናለን፤ ጠዋት እንገልጣለን፤ ፍየል እንዳይበላቸው በእሾህ እናጥራለን፤ በበጋው በጄሪካን ውኃ እናመላልሳለን። አንድ ማታ ተራዬን ረስቼ ቀረሁ፤ በማግሥቱ ስምንት ችግኞች ጠውልገው አገኘሁ። የሥነ ሕይወት መምህራችንም በቅጠሉ ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ሲሆን ቅጠሉን እንዴት እንደሚጐዳ በዚያው ቦታ አስረዱን። ትምህርቱን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ስምንቱንም ችግኞች እንዲሁ። በዓመቱ መጨረሻ 37ቱ ጸድቀው ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ «ይህ ሥራ ለምኖርበት አገር ምን ያደርጋል?» የሚል ነው። የእኛ አገር ጓሳ አለው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለው ይህ ቦታ፣ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኙት ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ነው። አባቶቻችን ቄሮ በተባለ የአጠባበቅ ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት እየዘጉ፣ ሲደርስም በቀጠሮ እየከፈቱ፣ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሣ ተጠቅመውበታል። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. ከመሬት አዋጁ በኋላ ቢፈርስም፣ ሕዝቡ በኋላ ዘመን ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቋቁሞታል። ይህን ታሪክ ከሽማግሌዎች አፍ ጠይቆ መጻፍ ለሥነ ጽሑፍ ክበብ፣ ለተማሪ ማሰማት ለሚኒ ሚዲያ፣ የእንስሳቱን ኑሮ መከታተል ለአካባቢ ጥበቃ ክበብ የሚበቃ ሥራ ነው። ሌላ አገር ያለ ተማሪ ሊሠራው የማይችለውን እኛ ልንሠራው እንችላለን።

ሦስተኛው ጥያቄ «ከትምህርቴ ጋር ይስማማልን?» የሚል ነው። እኔ በሳምንት ከአራት ሰዓት የሚበልጥ ጊዜ አልሰጥም፤ ፈተና ሲቀርብም ለጓደኞቼ ነግሬ ተራ እለዋወጣለሁ። ሁለት ሥራ በቂ ነው፤ ለብዙዎቻችንም አንድ ይሻላል። በዚህ ላይ መምህራኖቻችንን አንድ ነገር እለምናለሁ። የክበብ ስብሰባ ከትምህርት በኋላ ወደ ማታ ሲደረግ፣ ሩቅ መንገድ በእግራቸው የሚሄዱ ተማሪዎችና የቤት ሥራ የሚጠብቃቸው ሴቶች እኅቶቻችን ይቀራሉ። ስብሰባው በምሳ ሰዓት ቢሆን ብዙዎቹ ሊገኙ ይችላሉ።

ምናልባት «ከክፍል ውጭ የምወደው ነገር ጊዜዬን ከማጥፋት በቀር ወዴት ያደርሰኛል?» የሚል ይኖር ይሆናል። በዚሁ በሰሜን ሸዋ በአንኮበር በ1925 ዓ.ም. የተወለዱት ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። የሥዕል ተሰጥኦአቸውን ግን በዚያ ያሉ መምህራን አይተው አበረታቷቸው፤ እርሳቸውም በለንደን ሥዕል ተማሩ። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ያለው ታላቁ የመስታወት ሥዕል የእርሳቸው ሥራ ነው። ሁላችንም እንደ እርሳቸው እንሆናለን ማለቴ አይደለም። ነገር ግን መምህራኑ ተሰጥኦውን ሊያዩ የቻሉት ወጣቱ ሥዕል ይሥል ስለ ነበር ነው። በዝርዝር ላይ ስሙን ብቻ ያስጻፈ ተማሪ ግን የሚታይለት ነገር የለውም።

በ10ኛ ክፍል መጨረሻ ለአባቴ የምስክር ወረቀት አልወሰድሁለትም። ስለ 37ቱ ጽዶች ግን ነገርሁት። እርሱም ዝም ብሎ ካዳመጠ በኋላ «ከውርጩ እንዴት አድርጋችሁ አዳናችኋቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። አባቴ ስለ ምድር ነገር እኔን ሲጠይቅ ያ የመጀመሪያው ነበር። በዚህ ጊዜ መልስ ነበረኝ።

እንግዲህ ውድ ጓደኞቼ፣ በመጪው ዓመት የምዝገባው ወረቀት ወደ ክፍላችሁ ሲመጣ እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ሦስቱን ጥያቄዎች አስቡ። ወላጆቻችንም በሰኔ ወደ ቤት ስንመጣ «ምን ሠራህ? ምን ሠራሽ?» ብላችሁ መጠየቃችሁን እንዳትተዉ አደራ እላለሁ።