መጀመሪያ ድልድዩ
በሙጃም ሆነ በሌላው የላስታ ደጋ ያለ ዕድሜ ጋብቻን አስቀራለሁ የሚል ሁሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ሕይወታቸው ያለፈውን የወይዘሮ ቦጋለች ገብሬን ታሪክ ቢያውቅ እንወዳለን።

ከምባታ ተወልደው፣ ውኃ ልቅዳ እያሉ በድብቅ ፊደል የቆጠሩት እኚህ ሴት፣ ባሕር ማዶ ተምረው ሲመለሱ ስለ ኤድስ ሊያስተምሩ ተነሡ። ሽማግሌዎቹ ግን ልጆቻችን ወደ ትምህርት ቤት፣ እኛም ወደ ገበያ የምንሻገርበት ድልድይ ይቅደም አሏቸው። ወይዘሮዋ አልተቀየሙም፤ ገንዘብ አፈላልገው አሠሩት። (ባዶ እጁን የመጣ መካሪ መቼ ይደመጣል?) ከዚያ ወዲያ ከእህታቸው ጋር ባቋቋሙት ድርጅት አማካይነት ወንዱም ሴቱም፣ ሽማግሌውም ወጣቱም በአንድነት ተቀምጦ ስለ ግርዛትና ስለ ጠለፋ መከረ።

እ.ኤ.አ. በ2002 አንዲት የከምባታ ሙሽራ አለመገረዟን የሚናገር ጽሑፍ አንግባ በአደባባይ ተዳረች። ሙሽራውም እርሷን በማግባቱ መደሰቱን የሚናገር ጽሑፍ አንግቦ ነበር።