ድመት ትጾማለችን? እምነት፣ ማዕድና አዲሱ የቤት እንስሳ በጋሞ ምድር

በጋሞ ደጋ ሰውና እንስሳ በአንድ ጣሪያ ሥር ማደራቸው የቆየ ነገር ነው። ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን 37 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በጨንቻና በዙሪያዋ፣ በተለይም በዶርዜ፣ ከቀርከሃ ተሸምኖ የሚቆመው ረጅም ቤት በውስጡ ለከብቶች የተከለለ ማደሪያ ያለው ሲሆን፣ የከብቶቹ ትንፋሽና የገላቸው ሙቀት የደጋውን የሌሊት ብርድ ያለዝባል፤ ጠዋት የሚጠረገው ፍግ ከጓሮው እንሰት ሥር ይደፋል፤ እንሰቱም በተራው ቅጠሉን ለከብቱ፣ ቆጮውንና ቡላውን ለቤተሰቡ ይሰጣል። በዚህ አኗኗር ውስጥ ላሟ በወተቷ፣ በሬው ለመስቀል በሚታረደው ሥጋው፣ ውሻው በጥበቃው፣ ድመቷም አይጥ በማደኗ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው።

አዲስ የሆነው ሥራ የማይጠበቅበት እንስሳ ነው። ግቢው በግንብ ሲታጠር፣ እህል በጎተራ መከማቸቱ ቀርቶ በኪሎ ሲሸመት፣ ውሻውም ድመቷም የጥንት ሥራቸው ይቀልላል፤ ቢሆንም ልጆች ስለወደዷቸው ብቻ ወደ ቤት ይገባሉ፣ ስም ይወጣላቸዋል፣ ከምንጣፉ ላይ ይተኛሉ። ለማዳ እንስሳ የሚባለው ይህ ነው፤ ለወተቱ፣ ለሥጋው ወይም ለጉልበቱ ሳይሆን ለአብሮነቱ ሲባል የሚያዝ እንስሳ። እንዲህ ያለው እንግዳ ማዕዱ በእምነት ወደሚመራ ቤት ሲገባ ደግሞ፣ ሲያዩት ትንሽ የሚመስል፣ ሲያስቡት ግን ከሥርዓተ እምነትም ከሥነ ምግብም የሚያገናኝ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ ቤቱ በሙሉ ሲጾም እንስሳው ምን ይብላ?

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሰባት የዐዋጅ አጽዋማት አሏት፤ ከእነዚህም ዐቢይ ጾም ወይም ሁዳዴ 55 ቀን፣ ፍልሰታ 15 ቀን፣ የነነዌ ጾም 3 ቀን ይዘልቃሉ፤ የነቢያት፣ የሐዋርያትና የገሃድ አጽዋማት እንዲሁም ዓመቱን ሙሉ የሚዘወተሩት ረቡዕና ዓርብ ሲታከሉ፣ አንድ ምእመን በዓመት እስከ 180 ለሚደርሱ ቀናት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ሳይቀምስ ይኖራል። በጋሞ ብዙ ምእመናን ያሏቸው የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት እንዲህ ያለ የምግብ ቀን መቁጠሪያ የላቸውም፤ ጾም በእነርሱ ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ በፈቃድ ለጸሎት ተብሎ ከእህል ውኃ ሁሉ የሚታቀቡበት ሰዓት ወይም ቀን ነው። ሙስሊሞች በረመዳን ከንጋት እስከ ፀሐይ መግቢያ ይጾማሉ። በአርባ ምንጭ ሰፈሮች፣ በሲቀላም ሆነ በሴቻ፣ ሦስቱም ተጎራብተው ስለሚኖሩ፣ በአንድ መንደር አንደኛው ቤት በሽሮ፣ ሁለተኛው በሥጋ ወጥ፣ ሦስተኛው ባዶ ምድጃ ይዞ የሚውልበት ቀን ብዙ ነው።

ለጾመኛው ቤት የአካባቢው ምድር ለጋስ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,285 ሜትር ያህል ላይ የምትገኘው አርባ ምንጭ በሙዝና በማንጎ ብትታወቅም፣ ከሥነ ምግብ አንጻር ከሁሉ የሚልቀው በየጓሮው የሚበቅለው ሽፈራው፣ በጋሞኛ ሀለኮ የሚባለው ዛፍ ሳይሆን አይቀርም። ይህ ዛፍ በዓለም ገበያ በብዛት የሚወራለት ከሕንድ የመጣው የሞሪንጋ ዝርያ አይደለም፤ የእርሱ ዘመድ የሆነ፣ የደቡብ ኢትዮጵያና የሰሜን ኬንያ አገር በቀል ነው። ቅጠሉ ተቀቅሎ፣ ከበቆሎ ወይም ከማሽላ ዱቄት ከተድቦለቦለው ኩርኩፋ ጋር ሲቀርብ፣ ከእህሉ ብቻ የማይገኘውን ፕሮቲን፣ ካልሲየም፣ ብረትና ቫይታሚን ኤ ይጨምራል። በደጋው ደግሞ እንሰት ጉልበት ሰጪ ስታርች ሞልቶት ፕሮቲኑ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ፣ ቆጮ ከባቄላ፣ ከአተርና ከጎመን ጋር መበላቱ የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ሆኖም ከዕፅዋት የሚገኘው ብረት ከሥጋ እንደሚገኘው በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። ከምግቡ ጋር ሎሚ፣ ፓፓያ ወይም ማንጎ ሲበላ የብረቱ መመጠጥ ይጨምራል፤ ቡናና ሻይ ከማዕድ ጋር ሲጠጡ ግን ይቀንሰዋል። ስለዚህ ጾም የሚፈታ ሰው ስኒውን ከአንድ ሰዓት በኋላ ቢያነሣ ይጠቀማል፤ ቡናው ቀድሞ በሚፈላበት አገር ይህን ምክር ተግባር ላይ ማዋሉ ቀላል ነው ለማለት ግን ያስቸግራል። ከዕፅዋት በቂ ሆኖ የማይገኘው ቫይታሚን ቢ12 በጉበት ውስጥ ለዓመታት ሊጠራቀም ስለሚችል፣ በፍስክ ወራት ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል በበቂ የሚያገኝ ጤነኛ ጎልማሳ በጾሙ ወራት በእጦቱ አይጎዳም። አስጊነቱ የሚጎላው በፍስኩም ጊዜ እነዚህን ለማያገኙት ድሆች፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአጥቢዎች ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ለሕፃናትና ለሕሙማን የጾሙን ሕግ ታላላለች፤ እናቶችም የንስሐ አባታቸውን ቢያማክሩ የሚያገኙት ፈቃድ አለ።

ከዚህ ቀጥሎ የአርባ ምንጭ የተለየ ጉዳይ ይመጣል፤ ዓሣ። የአባያና የጫሞ ሐይቆች ጎረቤት በሆነች ከተማ ዓሣ የዕለት ምግብ ነው፤ ቆሮሶው፣ ነጭ ዓሣውና አምባዛው ተጠብሶም ተቀቅሎም በዳጣ፣ ማለትም በሚያቃጥለው የቃሪያና የቅመም ማባያ፣ ይበላል። የቤተ ክርስቲያን መምህራን ዓሣ የጾም ምግብ አይደለም ብለው ቢያስተምሩም፣ ደም ካለው ሥጋ ለይተው በጾም የሚበሉት ምእመናን ጥቂት አይደሉም፤ ክርክሩም የቆየ ነው። አምባዛ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት፤ ቅርፊት ስለሌለው በኦሪት ዘሌዋውያን ርኩስ ከተባሉት የውኃ ፍጥረታት ስለሚመደብ፣ በፍስክም ቢሆን የማይቀምሱት ብዙ ናቸው።

አማርኛ ስለ ድመትና ስለ ጾም ብያኔውን ከሰጠ ቆይቷል፤ «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ይላል። ተረቱ የሚነካው አስመሳይን ሰው ነው፤ ነገር ግን ስለ ድመቷም ተናጋሪዎቹ ካሰቡት በላይ እውነት ይዟል። ሥነ ሕይወት ድመትን የሚመድባት ያለ ሥጋ መኖር ከማይችሉት እንስሳት ጋር ነው። ድመት ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር እንደ ሰው ከሌላ ምግብ በበቂ መጠን በሰውነቷ ውስጥ መሥራት አትችልም፤ ንጥረ ነገሩ የሚገኘው ደግሞ በሥጋና በዓሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ ጥናት ታውሪን ያጡ ድመቶች የዓይናቸው ብርሃን እንደሚጠፋ፣ በ1987 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ልባቸው እየሰፋና እየደከመ እንደሚሄድ አሳይተዋል። ስለዚህ ለ55 ቀን ሽሮ ፍትፍት ብቻ የሚቀርብላት ድመት ጾመኛ አትሆንም፤ ወይ ከጎረቤት ትሰርቃለች፣ ወይ ትታመማለች። የፍስክ ወተትም ቢሆን መፍትሔ አይሆናትም፤ አብዛኞቹ ያደጉ ድመቶች ወተት ስለማይስማማቸው ሆዳቸው ይላላል።

ውሻ የተለየ ነው። ከሰው ጋር በኖረባቸው ሺህ ዓመታት የሰውን ትራፊ ለምዷል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የዘረመል ጥናት ውሻ ከተኩላ በተለየ ስታርችን የሚፈጩ ብዙ የዘር ቅጂዎች እንዳሉት አረጋግጧል። እንጀራው፣ ቂጣውና የተቀቀለው ድንች ለውሻ ሆድ ባዕድ አይደሉም፤ ባቄላና ሌላ ጥራጥሬ በሚገባ በስሎ ሲታከልበትም ጾሙን ከቤቱ ጋር ሊያልፍ ይችላል፤ አልፎ አልፎ እንቁላል ወይም ዓሣ ቢያገኝ ግን ይሻለዋል።

ጥያቄውን ከሥነ ሕይወት ወደ እምነት ቢመልሱት መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ሁለት ነገር ይዞ ይጠብቃል። በትንቢተ ዮናስ የነነዌ ንጉሥ ሰዎች ብቻ ሳይሆኑ ላሞችና በጎችም እንዳይበሉና ውኃ እንዳይጠጡ፣ ማቅም እንዲለብሱ ዐውጇል፤ ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ በ3 ቀን ጾም የምታስበው ይህን ታሪክ ነው። እንስሳት ጾሙ የተባለበት ቦታ አለ ማለት ነው፤ ይሁንና ያ ሊጠፋ በተቃረበ ከተማ ላይ የወጣ የአንድ ጊዜ ዐዋጅ እንጂ ለየቤቱ ድመት የተደነገገ ሥርዓት አይደለም። በሌላ በኩል የሰንበት ዕረፍት ለበሬውና ለአህያውም መታዘዙ በኦሪት ዘጸአት ተጽፏል። ከ81ዱ መጻሕፍት አንዱ በሆነው በመጽሐፈ ጦቢት ደግሞ ወጣቱ ጦብያ ከመልአኩ ሩፋኤል ጋር ሲጓዝ ውሻው ከኋላው ይከተለዋል፤ በዚያው መንገድ ላይ ከዓሣ ሆድ የወጣው ሐሞት የአባቱን ዓይን ይፈውሳል። በአንድ ጉዞ እምነት፣ ዓሣና ውሻ መገናኘታቸው ለጫሞ ዳር አንባቢ ደስ የሚል ነው፤ 66 መጻሕፍት የሚቀበሉት ወንጌላውያን ጎረቤቶች ግን ታሪኩን በመጽሐፍ ቅዱሳቸው አያገኙትም። በየቤቱ ግድግዳ በሚሰቀለው ሥዕል አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በአንበሶችና በነብሮች መካከል መቆማቸውም ከዚሁ መንፈስ የራቀ አይደለም። በእስልምና ትምህርት ድመት ንጹሕ ተደርጋ ስትታይ፣ አስራ በረሃብ የገደለቻት ሴት እንደተቀጣች በሐዲስ ይነገራል፤ ውሻ የላሰው ዕቃ ግን ተደጋግሞ መታጠብ አለበት። ኦርቶዶክሳዊውም ቢሆን ውሻን ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አያስገባም፤ ይህም ውሻን መጥላት ሳይሆን ለቅዱሱ ስፍራ የሚደረግ ልየታ ነው።

ከሁሉም በፊት የነበረው የጋሞ ነባር ሥርዓት ጎሜ የሚባል ጽንሰ ሐሳብ አለው። ጎሜ መደረግ የሌለበትን ማድረግ፣ የተለየውን መደባለቅ፣ ሥርዓት ማፍረስ ነው፤ የሰውና የከብት ሕመም፣ የሰብል መበላሸት፣ የዝናብ መቅረት ከእርሱ ጋር ይያያዛሉ፤ ችግሩ ሲበረታም ሽማግሌዎች በዱቡሻ፣ ማለትም በአደባባይ ሸንጎ፣ ተቀምጠው በደሉን ይመረምራሉ። በዚህ አስተሳሰብ የሰውና የእንስሳ ግንኙነት ድሮም የእምነት ጉዳይ ስለነበረ፣ ስለ ድመት ማዕድ ካህን ወይም ሽማግሌ መጠየቅ እንደሚመስለው የሚያስቅ ነገር አይደለም።

ከእምነት ትርጓሜ ይልቅ ብዙ እንስሳ የሚጎዳው ግን በወጥ ነው። የኢትዮጵያ ወጥ መሠረቱ ሽንኩርት ነው፤ ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የውሻንና በተለይም የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። የሚያዝን ሰው ለእንስሳው የሚያወጣው የወጥ ትራፊ፣ ጾምም ሆነ ፍስክ፣ ቀስ ብሎ የሚያደክም ነገር ነው። ሽንኩርት ሳይገባበት፣ ሳይቀመም ተቀቅሎ የሚቀርብ ምግብ ይሻላል።

በመስቀል ሰሞን የሚታየው ልማድም ከባድ ዋጋ ያስከፍላል። መስቀል ለጋሞ ሕዝብ የዓመቱ ታላቅ በዓል ስለሆነ ሰንጋው በየሰፈሩ ይታረዳል፤ ውኃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ሲገኝም ለውሻ ይወረወራል። በእነዚያ እባጮች ውስጥ ያለው ጥገኛ ትል በውሻው አንጀት አድጎ ዕንቁላሉን ከዓይነ ምድሩ ጋር ይጥላል፤ እጁን ሳይታጠብ ከውሻው ጋር የሚጫወተው ልጅ ከዋጠው በጉበቱ ወይም በሳንባው ተመሳሳይ እባጭ ሊያበቅል ይችላል። የታመመ ሆድ ዕቃ መቀበር ወይም መቃጠል እንጂ መወርወር የለበትም። ነፍሰ ጡር ሴትም የድመት ዓይነ ምድር መጥረጉን ለሌላ ሰው መተው አለባት።

የእብድ ውሻ በሽታ ከዚህ ሁሉ ይከፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በሽታው በዓመት 59,000 ያህል ሰዎችን ይገድላል፤ ከመቶ 99 የሚሆነው በውሻ የሚተላለፍ ሲሆን፣ ከተጠቂዎቹ ከመቶ 40 ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ቡችላ 3 ወር ሲሞላው መከተብ፣ ክትባቱንም የእንስሳት ሐኪም በሚያዘው ጊዜ መድገም ያስፈልጋል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መድረስ አለበት፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለምና። ጠበሉም ጸሎቱም ክትባቱን አይከለክሉም፤ ከሐኪም በኋላ ለመሄድም ጊዜ አለ።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ሲመለሱ፣ ጾም የሚያውቅና የሚፈቅድ ሰው ሥራ ስለሆነ ከድመት አይጠበቅም፤ ለእርሷ ዓሣ የቀቀለች ሴትም ካልቀመሰች ጾሟን አልገደፈችም። አርባ ምንጭ ላይ ዋጋውም አያስፈራም፤ ሰው የማይበላው የዓሣ ጭንቅላትና ሥጋ የቀረበት አጥንት ተቀቅሎ፣ እሾሁ ተለቅሞ፣ ያለ ጨውና ያለ ዳጣ ይበቃታል፤ ኦሪት ለሰው የከለከለው አምባዛም ለእርሷ አልተከለከለም። በሁዳዴ ረቡዕ ቤቱ ሀለኮውን ይብላ፤ ድመቷም ዓሣዋን።