የበጋው ሐሩርና የቤታችን እንስሳት

ባለፈው ዓመት በመጋቢት ወር፣ በዐቢይ ጾም ውስጥ፣ ፀሐይ በራስ ላይ በቆመች ጊዜ በልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ስናልፍ ታላቅ ጩኸት ሰማን። አንድ ቡናማ ውሻ አፉን ከፍቶ፣ ለሐጩን እያዝረከረከ፣ እግሮቹ እየተሳሰሩበት በሁለት ሕንፃዎች መካከል ይንገዳገዳል። «እብድ ውሻ! እብድ ውሻ!» የሚል ድምፅ ከየበረንዳው ተነሣ፤ ልጆች ወደ ደረጃው ሸሹ፤ ዘበኞችም ዱላቸውን ይዘው ደረሱ። እኛም ራሳችን ከመሬት ድንጋይ አንሥተን እንደ ነበር ከአንባቢ አንሸሽግም።

በዚህ ጊዜ ከውኃው ታንከር ጀሪካን ሞልተው የሚመለሱ አንዲት አዛውንት ከመካከል ገቡ። ዘበኛው «እማማ፣ ኧረ ይራቁ! እብድ ነው፤ ይነክስዎታል» ቢላቸው፣ «ተው ልጄ፣ አትምታው። ይህ የአራተኛ ፎቁ ውሻ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ በረንዳ ላይ ታስሮ ፀሐይ ሲያነደው በዓይኔ አይቻለሁ» አሉት። ከዚያም ወደ ውሻው ሳይጠጉ ጀሪካኑን በእግራቸው ገፍተው አጋደሙት። ውኃው በሲሚንቶው ላይ ፈስሶ ከውሻው ሥር ደረሰ፤ እንስሳውም በእርጥቡ ላይ በሆዱ ተዘረጋ። ጥቂት ቈይቶ የባለቤቱ ልጅ የክትባቱን ደብተር ይዞ እየሮጠ ወረደ። ማሰሪያውን በጥሶ በተከፈተው በር መውጣቱን ነገረን። ወደ ጥላ ወስደው ውኃ እያፈሰሱ አበረዱት፤ ወዲያውም በታክሲ ወደ እንስሳት ሐኪም ዘንድ አደረሱት። ውሻው ዳነ። አዛውንቷ ግን ለዚያ ቀን ወጥ ያሰቡትን ውኃ አጡ፤ በዚያ ሳምንት ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነበርና።

ይህን የምንጽፈው ነገሩ በአንድ ቤት ብቻ የሚደርስ ባለመሆኑ ነው። በአውሮጳ አገር የሙቀቱ ወራት ሐምሌና ነሐሴ ናቸው፤ እኛ ግን በዚያን ጊዜ በዝናብና በብርድ ውስጥ ነን። የእኛ ሐሩር ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚቈየው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት አየሯ ቀዝቃዛ ነው እየተባለ ይነገራል፤ እውነትም ነው። ዳሩ ግን በከፍታው ምክንያት የፀሐይዋ ጨረር ብርቱ ነው። ሰውየው በጥላ ውስጥ ተቀምጦ «ዛሬ ደኅና ነው» ሲል፣ በረንዳው ላይ ያለው ሲሚንቶ እጅ አያስቈይም።

በ2000ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ የልደታ አሮጌ መንደር ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ፣ ብዙ ቤተ ሰብ ከግቢ ኑሮ ወደ ፎቅ ኑሮ ተሸጋገረ። በአሮጌው ግቢ ውሻው ከዛፍ ሥር ወይም ከአጥሩ ጥግ እየቈፈረ ቀዝቃዛ አፈር ላይ ይተኛ ነበር፤ ማንም ጥላ አላበጀለትም፤ ራሱ ያገኘዋል። በፎቅ ላይ ግን ጥላው የሚኖረው ባለቤቱ ሲያስብለት ብቻ ነው። በጠዋት ጥላ የነበረ በረንዳ ከቀትር በኋላ ምድጃ ይሆናል፤ ባለቤቱም በሥራ ላይ ስለሆነ ይህን አያይም። ስለዚህ እንስሳ በረንዳ ላይ የሚያኖር ሰው በአንድ የዕረፍት ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይዋ የምትዞርበትን መንገድ ቢመለከት መልካም ነው። በቆርቆሮ የተሠራ የውሻ ቤትም በቀትር ከመጠለያነት ወደ መጥበሻነት ይለወጣል፤ ከላዩ ጆንያ ወይም ሰሌን ቢደረብበትና በጎኑ ነፋስ መግቢያ ቢተውለት ይሻላል።

ውሻ እንደ ሰው ገላው ሁሉ አያልበውም፤ ላብ የሚወጣው ከእግሩ መዳፍ ብቻ ነው፤ ያውም ጥቂት። ሙቀቱን የሚያስወጣው ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው። የጤነኛ ውሻ የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 41 ሲያልፍ አንጎሉና ኩላሊቱ ይጐዳሉ። በብርቱ ማለክለክ፣ ወፍራም ለሐጭ፣ የድድ መቅላት፣ መንገዳገድ፣ ማስታወክ፣ በመጨረሻም መውደቅ ምልክቶቹ ናቸው። ያረጁ፣ የወፈሩና አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ውሾች ፈጥነው ይሸነፋሉ። በዚህ ጊዜ ወደ ጥላ አውጥቶ በሆዱ፣ በብብቱና በእግሩ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስና ማራገብ ይገባል። እርጥብ ፎጣ አልብሶ መተው ግን ሙቀቱን አፍኖ ይይዘዋል። ራሱን ለሳተ እንስሳ በአፉ ውኃ መጋት ያንቀዋል። የዳነ ቢመስልም እንኳ ለሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል። ድመት ጥላ ፈልጋ መሸሸግ ታውቃለች፤ ሆኖም አፏን ከፍታ ስታለከልክ ከታየች ነገሩ ከባድ ነው። በተዘጋ መኪና ውስጥ እንስሳ ትቶ መሄድማ ለደቂቃዎችም ቢሆን አይገባም።

የጥንት ሮማውያን የውሻ ኮከብ የሚሉት ኮከብ በሚወጣበት የሐሩር ወራት ውሾች ያብዳሉ ብለው ያምኑ ነበር። በእኛም አገር ፀሐይ ውሻን ታሳብዳለች የሚል አይጠፋም። የእብድ ውሻ በሽታ ግን በፀሐይ አይመጣም፤ በበሽተኛ እንስሳ ለሐጭና ንክሻ የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። ሉዊ ፓስተር ክትባቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የሰጠው በ1877 ዓ.ም. (በአውሮጳ አቈጣጠር 1885) ነው፤ በከተማችን «ፓስተር» የሚባለው ሠፈርም ስሙን ያገኘው ቀድሞ በዚያ ከነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው። ሙቀት ያናወጠውን ውሻና ያበደውን ውሻ በዓይን ብቻ መለየት ለእኛ ለተራዎቹ ሰዎች አይቻልም። ስለዚህ የማናውቀውን ውሻ በእጃችን አንነካም፤ አዛውንቷ እንዳደረጉት ከሩቅ ውኃ ማድረስ ግን እንችላለን። ሰው የተነከሰ እንደ ሆነ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስስ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ በዚያው ቀንም ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ግድ ነው። ጸበል መጠመቅ ሕክምናውን አያስቀርም፤ በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ የሚተርፍ ሰው ከቶ የለም ማለት ይቻላልና። የዚያ ውሻ ነፍስ የተረፈችው በውኃው ብቻ ሳይሆን በየዓመቱ በተሞላችው የክትባት ደብተር ጭምር ነው፤ እርሷን ባያዩ ኖሮ ዘበኞቹ ዱላቸውን ባላስቀመጡ ነበር።

ሐሩሩ ከዐቢይ ጾም ጋር መገጣጠሙ ሌላ ችግር አለው። ከሥጋና ከወተት በራቅንበት ወራት ለውሻውና ለድመቲቱ የሚተርፍ ነገር የለም፤ ድመት ደግሞ ያለ ሥጋ መኖር አይሆንላትም። የነነዌ ንጉሥ እንስሳትን ከምግብና ከውኃ ከልክሎ ነበር ብሎ የሚጠቅስብን አንባቢ ይኖራል። ያ ግን በጥፋት ደጅ ላይ ለቆመች ከተማ የወጣ ዐዋጅ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችን የነነዌን ጾም ስትጾም ውሻችን ይጠማ አላለችም። ይልቁንም መጋቢት 5 ቀን የምናስባቸውን አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን እንመልከት። በሥዕላቸው ላይ 60 አንበሶችና 60 ነብሮች ከበዋቸው፣ የተጠማችም ወፍ ከዓይናቸው እንባ ስትጠጣ እናያለን። ይህን ሥዕል በቤቱ ሰቅሎ፣ በረንዳው ላይ ያለውን ደረቅ ሣህን የማያይ ቤተ ሰብ ብዙ ነው፤ እኛም ከነርሱ ውስጥ ነበርን።

የፋሲካ በግም አይረሳ። በሕማማት ሳምንት በግ ገዝቶ በደረጃ ብረት ላይ አስሮ፣ ያለ ጥላና ያለ ውኃ ሁለት ሦስት ቀን ማቈየት በየሕንፃው የተለመደ ሆኗል። ሊታረድ ነው ተብሎ ጥማት አይፈረድበትም።

ከዚያ ቀን ወዲህ አዛውንቷ ከሕንፃው ደረጃ ሥር አንድ አሮጌ የሸክላ ገበታ አኑረዋል። ለሠፈሩ ውሾችና ድመቶች ነው፤ ከባድ ስለሆነ አይገለበጥም፤ ሸክላውም ውኃውን ያቀዘቅዘዋል። ልጆች በተራ ያጥቡታል፤ ይሞሉታልም። ውኃ በፈረቃ በሚጠፋበት ሳምንት ከማን ጀሪካን ይቀዳ የሚለው ግን በነዋሪዎቹ ዘንድ እስካሁን ያከራክራል፤ ባለፈው እሑድ ስናልፍም በዚሁ ነገር ሲነጋገሩ አገኘናቸው።