መሸጎጫና ምትኬ

አዋሽ አርባ ሻይ ለመጠጣት ቆም ብሎ ወደ ሰመራ የሚቀጥል ሾፌር፣ ስልኩ «ማከማቻ ሞልቷል» ካለው ጣቱን የሚሰደው ወደ ቅንብሮች ነው። እዚያ «መሸጎጫ አጽዳ» እና «ውሂብ አጽዳ» የሚሉ ሁለት ትእዛዞች ያገኛል። የመጀመሪያው ቤት መጥረግ ነው፤ ሁለተኛው ግን ዕቃውን ሁሉ አውጥቶ መጣል።

መሸጎጫ (ብዙው ሰው «ካሽ» ይለዋል) መተግበሪያው ሁለተኛ ላለማውረድ ብሎ የሚያስቀምጠው ነገር ነው፤ የታየ ፎቶ፣ የተከፈተ ቪዲዮ። አንድሮይድ ለእያንዳንዱ መተግበሪያ የግሉ ክፍል ይሰጠዋል፤ ከክፍሉም አንዱ ጥግ ለካሽ ነው። ቦታ ሲጠብ ስርዓቱ ያንን ጥግ ባለቤቱን ሳይጠይቅ ይጠርገዋል። ስለዚህ መተግበሪያ ሠሪው ፋይል ከማስቀመጡ በፊት ራሱን መጠየቅ አለበት፤ ይህ ቢጠፋ ከሌላ ቦታ ይገኛል ወይ?

በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር ለዚህ ቀላል ምሳሌ ነው። ቀሪ ሂሳቡ ያለው ኢትዮ ቴሌኮም ዘንድ ስለሆነ ስልኩ ቢሰበር ብሩ አይጠፋም። የቴሌግራም ተራ መልእክቶችም የሚቀመጡት በኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው፤ የተጠረገውን ፎቶ መልሶ ማውረድ ይቻላል።

ይቻላል፣ ጥቅል ካለ። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት የአዋሽ ሸለቆ መንገድ ላይ የወረደውን ደግሞ ማውረድ ብር ነው፤ «ካሽ እንደ ልብ ይጣላል» የሚል ሰው ይህን ሒሳብ ውስጥ ያስገባ አይመስልም።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ታብሌት ደግሞ ሌላ ነው። የጤና ሚኒስቴር የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ያለ ኔትወርክም እንዲሠራ ነው የተዘጋጀው፤ የተመዘገበው እዚያው ይቆይና መስመር ሲገኝ ይላካል። ገና ያልተላከ የእናት ወይም የሕፃን መዝገብ ሌላ ቅጂ የለውም። ቦታው መሸጎጫ ሊሆን አይችልም።

ምትኬ የሚያስፈልገው ለእንዲህ ያለው ነው። ከአንድሮይድ 6 ጀምሮ ስልኩ የመተግበሪያዎችን ፋይል በራሱ ወደ ጉግል ይልካል፤ ለእያንዳንዱ እስከ 25 ሜጋባይት፣ ካሹን ትቶ። ግን ስልኩ ሥራ ፈትቶ፣ ቻርጅ ላይ ሆኖ፣ ዋይፋይም ማግኘት አለበት፤ ባለቤቱ በሞባይል ዳታ ይላክ ብሎ ካልፈቀደ በቀር። ዓመቱን በጥቅል ለሚኖር ስልክ ያ ዋይፋይ የሚመጣው መቼ ነው?

ሾፌሩ የልጁን ቪዲዮ ከቴሌግራም ወደ ጋለሪ አስቀምጦት ከሆነ ካሹን ሳይሳቀቅ ሊጠርግ ይችላል፤ ጋለሪው ከመተግበሪያው የግል ክፍል ውጭ ነው።