ለትልልቅ ዓሣ ማጥመጃ፦ በመጠነኛ ገንዘብ የሚገዛ ዘንግ

አንድ ሰው ዓመት ሙሉ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ፣ በባሕር ላይ ለአንድ ቀን ጀልባ ለመከራየት አስቦ፣ በመጀመሪያ ዘንግ ሊገዛ ወደ ሱቅ ይገባል። ባለሱቁም ከሁሉ የሚወፍረውንና የሚወደደውን አውጥቶ ያሳየዋል። ገዢው በጠቅላላው ገንዘቡ ይገዛና ወደ ባሕር ሲወርድ ዘንጉ ለሚፈልገው ዓሣ የማይስማማ ይሆናል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ገዢው ቀኑንና ገንዘቡን፣ ሻጩም ደንበኛውን ያጣል። ሁለቱም ዕቃውን ለይተው ቢያውቁ ኖሮ በአነስተኛ ዋጋ በተስማሙ ነበር።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት በዘንጉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የስፖርት ዓሣ አጥማጆች ማኅበር ውድድሩን በክር ጥንካሬ ስለሚከፋፍል፣ ዘንግ ሠሪዎችም ይህንኑ ይከተላሉ። ለባሕር የተለመዱት ክፍሎች የ30፣ የ50፣ የ80 እና የ130 ፓውንድ፣ ማለት የ15፣ የ24፣ የ37 እና የ60 ኪሎ ናቸው። ይህ ቁጥር ክሩ የሚችለውን ኃይል እንጂ የዓሣውን ክብደት አያመለክትም። እ.ኤ.አ. በ1953 አልፍሬድ ግላሰል የተባለ አሜሪካዊ በፔሩ አገር በካቦ ብላንኮ 707 ኪሎ የሚመዝን ማርሊን በዘንግ አጥምዷል። እንዲህ ያለውን ዓሣ የሚያደክመው የክሩ ውፍረት ሳይሆን የዘንጉ መጉበጥና መጠቅለያው ክሩን በልክ እየያዘ መልቀቁ ነው።

በኬንያ ጠረፍ በማሊንዲና በዋታሙ የሚገኘውን፣ የጀርባ ክንፉ እንደ መርከብ ሸራ የሚዘረጋውን ሴይልፊሽ ለማጥመድ የ15 ኪሎው ክፍል ይበቃል። ቱናና መካከለኛ ማርሊን ለሚያስብ የ24 ኪሎው ይስማማዋል። በአገራችን በጫሞ ሐይቅ ለሚገኘው ናይል ፐርችም ቢሆን ከ15 ኪሎው በላይ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። አንድ ዘንግ ብቻ ለመግዛት አቅሙ የሚፈቅድለት የባሕር አጥማጅ የ24 ኪሎውን ቢመርጥ ለብዙ ዓይነት ዓሣ ያገለግለዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ዘንጉ የተሠራበት ዕቃ ነው። የዚህም ታሪክ ለነጋዴ ትምህርት ይሰጣል። ቀድሞ ከተመረጡት ዘንጎች ብዙዎቹ ከደቡብ ቻይና በሚመጣ ቀርከሃ ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 የአሜሪካ መንግሥት ከቻይና ጋር የሚደረገውን ንግድ ሲከለክል፣ ያን ጊዜ አዲስ የነበረው ፋይበርግላስ ገበያውን ያዘ። ከ1970ዎቹ ወዲህ ደግሞ ካርቦን መጣ። ካርቦን ቀላልና ግትር ነው፤ ይሁን እንጂ ዋጋው ይበዛል፣ ከጀልባው ጠርዝ ጋርም ቢጋጭ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይዞ ቆይቶ በትግል ሰዓት ሊሰበር ይችላል። ፋይበርግላስ ይከብዳል፤ ነገር ግን በጥልቀት ይጎብጣል፣ ግጭትንም ይችላል፣ ዋጋውም ይረክሳል። ስለዚህ ገንዘቡ ለተወሰነ ሰው ፋይበርግላስ ይመረጣል።

የቀረው ገንዘብ በመጠቅለያው ላይ ይዋል። ዘንጉ መጠነኛ ቢሆን ዓሣው ሊያዝ ይችላል፤ የመጠቅለያው ፍሬን እየያዘ ድንገት የሚለቅ ከሆነ ግን ክሩ ወዲያው ይበጠሳል።

በሱቅ ውስጥም ዕቃውን መመርመር አያዳግትም። መጠቅለያው በዘንጉ ላይ ይታሰር፤ ክሩም በቀለበቶቹ አልፎ በተንጠልጣይ ሚዛን መንጠቆ ላይ ይቋጠር። ፍሬኑ የሚስተካከለው ብዙውን ጊዜ በክሩ ጥንካሬ ሲሶ ስለሆነ፣ ለ24 ኪሎው ክፍል ሚዛኑ 8 ኪሎ እስኪያሳይ ድረስ በቀስታ ይሳብ። ዘንጉ ከጫፉ ጀምሮ ሳይሰበርና ሳይጠማዘዝ እኩል ከጎበጠ፣ ክሩም የዘንጉን አካል ካልነካ፣ መጠቅለያውም ከመቀመጫው ካልተነቃነቀ መልካም ነው። ከዚያም ትንሽ ጥጥ በየቀለበቱ ውስጥ ይሳብ፤ ጥጡን የሚይዝ ቀለበት ስንጥቅ አለበትና ክር ይቆርጣል። ተሽከርካሪ ቀለበት ያለው ዘንግ ዋጋው ከፍ ይላል፤ በጨው ውኃም ስለሚዝግ ሁልጊዜ በንጹሕ ውኃ መታጠብና ዘይት መቀባት ያሻዋል።

ለአስመጪውም አንድ ምክር አለ። እጀታው የሚፈታ ዘንግ በሳጥን ውስጥ አጥሮ ስለሚገባ ለማጓጓዝ ይመቻል። የሁሉንም ክፍል ዘንግ በብዛት ከማዘዝ ይልቅ በ15 እና በ24 ኪሎው ላይ ማተኮር፣ ትርፍ ቀለበትና የወገብ ቀበቶም አብሮ መያዝ ይሻላል።

ውድ ዘንግ ለማይገባው ሰው የሸጠ ነጋዴ አንድ ጊዜ ያተርፋል። በሚዛኑ ፈትኖ ትክክለኛውን የሰጠ ግን፣ ያው ገዢ ክርና መንጠቆ ባለቀበት ጊዜ ሁሉ ተመልሶ ይመጣለታል።