87 ጊዜ ያነሰ የጭነት መኪና፦ የሞዴል ባቡር ተሽከርካሪዎች አገጣጠምና አቀባብ

ሞዴል ባቡር እውነተኛውን ባቡር፣ ሀዲዱንና በዙሪያው ያለውን መልክዓ ምድር በአንድ ቋሚ ምጣኔ አሳንሶ የሚያሳይ የእጅ ሥራ ሲሆን፣ በአውሮፓ በስፋት የሚሠራበት ምጣኔ «ኤች ኦ» በመባል ይታወቃል። በዚህ ምጣኔ ማንኛውም ርዝመት ለ87 ስለሚካፈል፣ አዲሱን የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ጨምሮ በብዙ አገሮች የሚሠራበት 1,435 ሚሊ ሜትር የሀዲድ ስፋት በጠረጴዛ ላይ 16.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሀዲድ ባለበት ደግሞ መንገድ፣ ማቋረጫና የጭነት ማራገፊያ ስለሚኖር፣ እንደ ጀርመኑ ኪብሪ ያሉ አምራቾች በዚሁ ምጣኔ የተዘጋጁ የጭነት መኪናዎችን፣ ክሬኖችንና ቆፋሪ ማሽኖችን ሳይገጣጠሙ በክፍል በክፍል ያቀርባሉ። ክፍሎቹን መገጣጠም ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ትልቁ ፈተና ግን ሌላ ነው። የመኪናው ርዝመት በ87 እጅ ሲያንስ ብርሃን፣ ፈሳሽና የቀለም ቅንጣት አብረውት አያንሱም።

የመኪናው የራሱ ገጽና ይዘት እንኳ ከርዝመቱ ጋር በእኩል አያንሱም። ጣሊያናዊው ሳይንቲስት ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ የአንድ አካል ርዝመት ሲቀየር የገጽ ስፋቱ በርዝመቱ ካሬ፣ ይዘቱ ደግሞ በርዝመቱ ኩብ ይቀየራል። ስለዚህ ርዝመቱ 87 ጊዜ ያነሰ መኪና ገጹ 7,569 ጊዜ፣ ይዘቱ ደግሞ 658,503 ጊዜ ያንሳል፤ 10 ቶን የሚመዝን የጭነት መኪናም ከዚያው ቁስ ተሠርቶ በትክክል ቢያንስ 15 ግራም ብቻ ይመዝን ነበር።

የክፍሎቹ ዋና ጥሬ ዕቃ ፖሊስታይሪን የተባለው ፕላስቲክ ነው። የቀለጠው ፕላስቲክ በከፍተኛ ግፊት ወደ ብረት ቅርጽ ማውጫ ገብቶ ሲቀዘቅዝ፣ ጋቢናው፣ ሻንሲውና ስፖኪዮው ሁሉ ፕላስቲኩ በፈሰሰባቸው ቀጫጭን ዘንጎች እንደተያያዙ ይወጣሉ። ሠሪው እያንዳንዱን ክፍል በስለታም መቁረጫ ከዘንጉ ይለያል፣ የቀረውን ጉብታ በሞረድና በደቃቅ ካርታቬትሮ ያስተካክላል፣ ከዚያም ክፍሎቹን በሳሙና ውሃ ያጥባል፤ ፕላስቲኩ ከቅርጽ ማውጫው በቀላሉ እንዲላቀቅ የሚደረገው ቅባት በላዩ ከቀረ ቀለም አይዝበትምና። የሚጣበቅበትም መንገድ ከተራ ሙጫ ይልቅ ወደ ብየዳ የቀረበ ነው። ማጣበቂያው ፖሊስታይሪንን የሚያሟማ ፈሳሽ በመሆኑ የሁለቱን ገጾች ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች ያላላቸዋል፤ ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ይጠላለፋሉ፤ ፈሳሹ ተንኖ ሲያልቅም ሁለቱ ክፍሎች አንድ ወጥ ፕላስቲክ ይሆናሉ። ፈሳሹ እንደ ውሃ ቀጭን ስለሆነ ክፍሎቹን አጋጥሞ በብሩሽ ጫፍ መጋጠሚያውን መንካት ይበቃል፤ ጠባብ ክፍተት ፈሳሽን ወደ ውስጥ የሚስብበት፣ ካፒላሪ የሚባለው ጠባይ ቀሪውን ይሠራል። ከፖሊዩሬቴን ሬዚን የተሠሩ ክፍሎች ግን በዚህ ፈሳሽ ስለማይሟሙ፣ በአየርና በገጽ ላይ ካለው እርጥበት ጋር ተዋህዶ የሚጠነክረው ሱፐር ግሉ ያስፈልጋቸዋል።

ከሁሉም ይበልጥ አስቸጋሪው ቀለም መቀባቱ ነው። በእውነተኛ መኪና ላይ ያለው የፋብሪካ ቀለም ጠቅላላ ውፍረት 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ይህ ለ87 ሲካፈል ከአንድ ሺህኛ ሚሊ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። አንድ ነጭ የቀለም ቅንጣት ብቻውን የዚህን ውፍረት ሩብ ገደማ ስለሚይዝ፣ ያን ያህል የሳሳ ንብር ከሥሩ ያለውን ፕላስቲክ በወጉ ሊሸፍን አይችልም። በተቃራኒው ሠሪው 0.05 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቀለም ቢቀባ፣ በእውነተኛው መኪና ላይ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ ልስን እንደ መለጠፍ ይቆጠራል። በበርና በአካል መካከል ያለው 4 ሚሊ ሜትር ክፍተት በዚህ ምጣኔ ከ0.05 ሚሊ ሜትር ስለማይበልጥ፣ አንድ የወፈረ ቅብ ሙሉ በሙሉ ሊደፍነው ይችላል፤ በብዙ ሞዴሎች ላይ የበሩ መስመር ከእውነተኛው ሰፍቶ የሚቀረጸውም ስለዚህ ነው። ቀለሙን አሳስቶ ደጋግሞ መቀባት፣ ሲቻልም በአየር ግፊት እንደ ጉም የሚረጭ ትንሽ መርጫ መጠቀም የሚመከርበት ምክንያት ከዚህ ስሌት የመጣ ነው።

ቀለም ከሥሩ ያለውን የሚሸፍነው ብርሃንን በመዋጥ ወይም በመበተን ሲሆን፣ የመበተን ኃይሉ የሚወሰነው ቅንጣቱና በዙሪያው ያለው ማያያዣ ብርሃንን በሚሰብሩበት መጠን ልዩነት ነው። በነጭ ቀለም ውስጥ የሚገኘው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የብርሃን ስብረት መጠኑ 2.7 ገደማ፣ የማያያዣው ደግሞ 1.5 ገደማ በመሆኑ ነጭ በደንብ ይሸፍናል፤ ብዙዎቹ ቢጫና ቀይ ቀለሞች ግን ብርሃን ስለሚያሳልፉ በጥቁር ፕላስቲክ ላይ ሲቀቡ ይደበዝዛሉ። ለእነዚህ ነጭ መነሻ ቅብ ማስቀደም ግድ ነው። አንጸባራቂነትም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። ሞዴሉን በ50 ሴንቲ ሜትር ርቀት የሚያይ ሰው እውነተኛውን መኪና በ43.5 ሜትር ርቀት እንደሚያይ ስለሚቆጠር፣ በዚያ ርቀት ድምቀቱና ንጣቱ በአየርና በአቧራ መለዘብ አለበት፤ በክፍሉ ውስጥ ያለው አምፖል ግን አልተናነሰምና በሚያብረቀርቅ ቅብ ላይ ግዙፍ ሆኖ ይታያል። የጎማን ቀለም ንጹህ ጥቁር ማድረግም የተለመደ ስህተት ነው፤ ጥቁር ግራጫ ብዙውን ጊዜ ይሻላል።

ሰሌዳና የድርጅት ምልክት የሚለጠፉት በውሃ ሲነከር ከወረቀቱ በሚላቀቅ ስስ ሽፋን ላይ ታትመው ነው። ይህ ሽፋን በሸካራ ገጽ ላይ ከተለጠፈ በሥሩ የታሰረው አየር ብርሃንን ስለሚበትን የብር መልክ ያወጣል፤ በመሆኑም አስቀድሞ ለስላሳ ቬርኒሽ ይቀባል፣ ምልክቱ ከተለጠፈ በኋላ ብቻ አካሉ በማያብረቀርቅ ቬርኒሽ ይሸፈናል። በመጨረሻ በጣም የቀጠነ ጥቁር ቡናማ ቀለም በበሩ መስመርና በመጋጠሚያዎቹ ላይ ሲፈስ፣ ቀደም ሲል ማጣበቂያውን የሳበው ካፒላሪ ይህንንም ወደ ስንጥቁ ይስበውና ጥላ ይፈጥራል። ትንሹ መኪና የራሱን ጥላ በበቂ ሁኔታ ስለማይጥል ጥላው በቀለም ይተካለታል ማለት ነው።

እንዲህ የተዘጋጀ መኪና የግድ ቆሞ አይቀርም። የጀርመኑ ፋለር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1989 ባቀረበው ዘዴ በውስጡ ባትሪና ሞተር ያለው መኪና ከፊት እግሩ ጋር በተያያዘ ማግኔት አማካይነት ከመንገዱ ሥር የተቀበረውን ሽቦ እየተከተለ ይሄዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 በሃምቡርግ በተከፈተው ሚኒያቱር ቩንደርላንድ በተባለው የሞዴል ባቡር ማሳያም ጥቃቅን መኪናዎች በመንገዶቹ ላይ ሲንቀሳቀሱ ይታያሉ።

ሥራውን ለመጀመር የሚያስብ አንባቢ አንድ ርካሽ የጭነት መኪና ገዝቶ ቢለማመድበት ይበቃዋል። የማጣበቂያውና የቀለሙ ትነት ለሳንባና ለነርቭ ጎጂ ስለሆነ ግን መስኮቱን ሳይከፍት ጠርሙሱን አይክፈት።