ቁጥሩን ሳይሆን ወርዱን

ብስክሌት ለመግዛት የተነሳ ሰው ስለ ፍሬሙ፣ ስለ ማርሹና ስለ ጎማው ሲያጠያይቅ ይከርማል። ጫማው ላይ ሲደርስ ግን «42 ነው የማደርገው» ብሎ ያልፋል። ጉልበቱ ሁሉ ወደ ማሽኑ የሚገባው በሁለት ጫማዎች በኩል መሆኑ ትዝ የሚለው የእግሩ ጣቶች መደንዘዝ ሲጀምሩ ነው። የዚህ ቸልታ መዘዝ ደግሞ ከማንም በላይ እግሩ ሰፊ በሆነው ሰው ላይ ይበረታል።

የሚቆለፍ ጫማ ከሶሉ ሥር ክሊት የሚባል የፕላስቲክ ወይም የብረት ቁራጭ በብሎን የታሰረበት ጫማ ነው። ክሊቱ ፔዳሉ ላይ ሲጫን ቀጭ ብሎ ይያዛል፤ ተረከዝ ወደ ውጭ ሲዞር ይለቃል። ለአስፋልት የሚሠሩት አብዛኞቹ ባለ ሦስት ብሎን ናቸው፤ ለተራራና ለረጅም ጉዞ የሚሠሩት ባለ ሁለት።

ከዚህ ጫማ በፊት እግርን ከፔዳል ጋር ያስተሳስር የነበረው የብረት ቅንፍና የቆዳ ጠፍር ነው። ኢትዮጵያ በ1956 እ.ኤ.አ. በሜልበርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም ልካ ነበር፤ ዘመኑ የጠፍር ዘመን ነበር። ለውጡ የመጣው ከበረዶ ሸርተቴ ነው። የሸርተቴ ጫማ መያዣ ሲሠራ የኖረው ሉክ የተባለ የፈረንሳይ ኩባንያ ያንኑ ብልሃት ወደ ፔዳል አምጥቶ በ1984 ለገበያ አቀረበው። በዓመቱ በርናር ኢኖ በዚሁ ፔዳል ቱር ደ ፍራንስን አሸነፈ። ሺማኖ የተባለ ኩባንያ በ1990 ባለ ሁለት ብሎን ክሊት የሚይዘውን ኤስፒዲ የተባለ ፔዳል ለተራራ ብስክሌት አወጣ። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን በመጋለብ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ጠፍር ከውድድር ሜዳ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር።

የጠፍሩ መጥፋት ከጫማው ሶል ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ይዞ መጣ። የመራመጃ ጫማ ሶል ይታጠፋል፤ ቆዳውም በወራት ውስጥ ለባለቤቱ እግር ይገራል። የሚቆለፍ ጫማ ሶል ግን እንዳይታጠፍ ተብሎ ከጠንካራ ናይለን ወይም ከካርቦን የሚሠራ ነው፤ ጉልበት በሶሉ መታጠፍ እንዳይባክን። ስለዚህ የላይኛው ቆዳ ጥቂት ቢለጠጥ እንኳ ሶሉ ከፋብሪካ በወጣበት ወርድ ይኖራል። «ሲለበስ ይሰፋል» የሚለው የነጋዴ ማጽናኛ ለዚህ ጫማ አይሠራም። ከሶሉ የሰፋ እግር ጠርዙን አልፎ በጎን ይንጠለጠላል፤ የጫማው ግድግዳ ደግሞ መልሶ ወደ ውስጥ ይጨምቀዋል።

ሲጨመቅ የሚጎዳው ቆዳው ብቻ አይደለም። ወደ ጣቶች የሚሄዱት ነርቮች የሚያልፉት ከጣቶቹ ሥር ባሉት ረጃጅም አጥንቶች መካከል ነው። አጥንቶቹ ሲቀራረቡ ነርቩ ይታፈናል። መጀመሪያ ማቃጠል፣ ቀጥሎ መደንዘዝ፣ ሲቆይም በሦስተኛውና በአራተኛው ጣት መካከል የሚወጋ ሕመም ይመጣል። ይህን የነርቭ ሕመም አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ሞርተን በ1876 ጽፎበታል፤ እስከ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ሙቀትና ረጅም ጉዞ ሲጨመርበት እግር ያብጣል፤ ጠዋት ልክ የነበረው ጫማ ቀትር ላይ ይጠብባል።

እግር መስፋቱ ጉድለት አይደለም። ሆፍማን የተባለ ሐኪም በ1905 ባሳተመው ጥናት ጫማ አድርገው የማያውቁ ሰዎችን እግር ከባለ ጫማዎቹ ጋር አነጻጽሮ የባዶ እግረኞቹ ጣቶች እንደ ልብ የተዘረጉ፣ የጫማ ለባሾቹ ግን የተሰበሰቡ መሆናቸውን አሳይቷል። ከዚያ በኋላ የመጡ ጥናቶችም ወደዚሁ ያመለክታሉ። በልጅነቱ በባዶ እግሩ የሮጠ ወይም ጎን የሌለውን በረባሶ አድርጎ ያደገ ሰው፣ ለተሰበሰበ እግር የተቀረጸ የውድድር ጫማ ቢጠብበው ምንም አያስደንቅም። መታረም ያለበት ጫማው ነው።

እዚህ ላይ ነው ትልቁ ስህተት የሚሠራው። ጫማው ሲጠብ ከሻጩም ከጓደኛም የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ «ቁጥር ጨምር»። ምክሩ ከቅን ልብ የመጣ ቢሆንም ወገቡ የጠበበን ሱሪ ረጅም በመግዛት ለማስፋት እንደ መሞከር ነው።

ሒሳቡን ማየት ይበጃል። የአውሮፓ ጫማ ቁጥር የርዝመት መለኪያ ነው። አንድ ቁጥር የአንድ ሴንቲሜትር ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም 6.67 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የሚለካውም እግሩ ሳይሆን ጫማው የሚሠራበት ፎርማ ነው፤ የ42 ፎርማ 280 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ 265 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ እግር ይገባበታል። ጫማ ሠሪው አንድ ቁጥር ሲጨምር የፎርማውን ርዝመት በ6.67 ሚሊሜትር ሲያስረዝም በጣቶች ሥር ያለውን ዙሪያ በ5 ሚሊሜትር ገደማ ያሰፋል። ዙሪያው ላይንም፣ ታችንም፣ ጎንንም ስለሚያቅፍ ከዚያ ውስጥ ለወርድ የሚደርሰው ከ2 ሚሊሜትር እምብዛም አይበልጥም።

እንግዲህ ከ42 ወደ 44 የሄደ ሰው ከ13 ሚሊሜትር በላይ ርዝመት ተሸክሞ ያገኘው ወርድ 4 ሚሊሜትር ቢደርስ ነው። 8 ሚሊሜትር ወርድ የጎደለው ሰው በቁጥር ልሙላው ካለ 46 መድረስ ይኖርበታል። በዚያ ጫማ ከአውራ ጣቱ ፊት ሁለት ጣት የሚያስገባ ባዶ ቦታ ይተርፋል፤ ተረከዙም በእያንዳንዱ ሽቅብ ይነቀላል። ከፊት ሰፊ የሆነ እግር ተረከዙ ላይ ቀጭን የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ ችግሩ ይብሳል።

ከሁሉ የከፋው ግን በዓይን የማይታየው ነው። የክሊቱ ብሎኖች የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች የሚቀመጡት ከፔዳሉ ዘንግ በላይ የአውራ ጣት ሥር አንጓ እንዲያርፍ ታስቦ ነው። ይህ አንጓ በብዙ ሰው ላይ ከተረከዝ ተነስቶ ከእግሩ ርዝመት ከመቶ ሰባው ካለፈ በኋላ ይገኛል። ጫማው በሁለት ቁጥር ሲያድግ ቀዳዳዎቹ ወደ ፊት 9 ሚሊሜትር ያህል ይሄዳሉ፤ እግሩ ግን ከተረከዙ ጋር ተይዞ ባለበት ይቀራል። ጋላቢው ሳያውቀው በጣቶቹ መርገጥ ይጀምራል። ባቱ ይደክማል፤ የተረከዙ ጅማት ይወጠራል፤ የውስጥ እግሩን ቅስት እንዲደግፍ የተሠራው ጉብታም ከቦታው ይርቃል። ከዚያ ኮርቻ ማውረድና ማውጣት፣ መሪ መቀየር ይመጣል። በሱሉልታ መንገድ ዳር ጫማውን አውልቆ እግሩን የሚያሻሸውን ወጣት ጸሐፊው ሲያነጋግረው የሰማው ታሪክ ይኸው ነበር፤ 44 ያደረገው እግር ወረቀት ላይ ሲለካ የ42 ሆኖ ተገኘ። የጎደለው ወርድ ብቻ ነበር።

አሜሪካዊው ቻርልስ ብራኖክ በ1920ዎቹ በሲራክዩዝ ከተማ የሠራው የብረት መለኪያ እስከ ዛሬ በጫማ ቤቶች ውስጥ አለ። ይህ መለኪያ ሊመሰገን የሚገባው ሁለት ርዝመት ስለሚወስድ ነው፦ ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት፣ ከተረከዝ እስከ አውራ ጣቱ ሥር አንጓ። ወርዱን ለብቻው ይለካል። ባለ ረጅም ጣትና ባለ አጭር ጣት ሁለት ሰዎች እኩል ቁጥር ቢያደርጉም አንጓቸው ግን የተለያየ ቦታ ሊሆን ይችላል፤ ለብስክሌተኛ ከጣቱ ጫፍ ይልቅ አንጓው ይበልጥበታል።

መለኪያው ለሌለው ወረቀትና እርሳስ ይበቃዋል። ወደ ማታ፣ እግር ሲያብጥ፣ የሚጋለብበትን ካልሲ አድርጎ፣ ተረከዝን ከግድግዳ አስጠግቶ፣ ሙሉ ክብደትን ጥሎ መቆም ነው። ተቀምጦ የተለካ እግር ጠባብ ይመስላል። እርሳሱ ቀጥ ብሎ ይያዝ፤ ካዘነበለ ወደ እግሩ ሥር ገብቶ ሚሊሜትሮችን ይሰርቃል። ወርዱ የሚወሰደው ከአውራ ጣቱ ሥር አንጓ እስከ ትንሿ ጣት ሥር አንጓ ነው። ሁለቱም እግሮች ይለኩ፤ ጫማው የሚገዛው ለትልቁ ነው። 265 ሚሊሜትር ረዝሞ 110 ሚሊሜትር የሚሰፋ እግር ያለ ጥርጥር ሰፊ ነው፤ ለመደበኛ ጫማ መታገል የለበትም።

ደግነቱ ለእንዲህ ያለ እግር የሚሠሩ አሉ። ሺማኖ የተወሰኑ ሞዴሎቹን በአንድ ቁጥር በሁለት ወርድ ያወጣል፤ ሰፊው «ዋይድ» ተብሎ ይለያል። ሌክ በሰፊ እግረኞች ዘንድ የታወቀው ብዙ ሞዴሎቹን በሰፊ ፎርማ ስለሚሠራና ለእያንዳንዱ ቁጥር የእግሩን ወርድ በሚሊሜትር ስለሚገልጽ ነው። በ1975 በበረዶ መንሸራተቻ ጫማ የተነሳው የአውስትራሊያው ቦንት ሰፊና ድርብ ሰፊ ወርድ አለው፤ ጫማው በ70 ዲግሪ ሙቀት ምድጃ ውስጥ ለስልሶ በባለቤቱ እግር ላይ ይቀረጻል። ስፔሻላይዝድም በአንዳንድ ሞዴሎቹ ሰፊ ወርድ ያቀርባል። ከነዚህ አንዱንም ያላገኘ ሰው ባለ ሁለት ብሎኖቹን የተራራና የጉዞ ጫማዎች ይሞክር፤ ብዙዎቹ ከጣቶች በኩል ከውድድር ጫማ ይልቅ ሰፋ ያሉ ናቸው፤ ወርደው ሲሄዱም አያንሸራትቱም።

«ሰፊ» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ግን አይበቃም። አንዳንዱ ጫማ የሚሰፋው ከላይ ነው፤ ሶሉ ያው ነው። ይህ የእግሩ ጀርባ ከፍ ላለ ሰው ይጠቅማል፤ እግሩ ወደ ጎን ለሰፋ ሰው ግን ችግሩን አይፈታም። ፍተሻው ቀላል ነው፦ የውስጥ ንጣፉን አውጥቶ መሬት ላይ ዘርግቶ በላዩ መቆም። እግሩ በሁለቱም በኩል ከንጣፉ ከወጣ ጫማው ጠባብ ነው፤ ሻጩ የፈለገውን ይበል።

ልክ የሆነ ጫማ አግኝተው ራሳቸው የሚያጠብቡትም ጥቂት አይደሉም። በመዘውር የሚጠብቀው ቦዋ የተባለ ማሰሪያ ከመጣ ወዲህ ይህ ልማድ በዝቷል። ጠዋት በብርድ መዘውሩን እስከ መጨረሻው አጥብቀው ይወጡና እግር ሲያብጥ አንድ ጊዜ እንኳ ጎንበስ ብለው አያላሉም። ጫማ መጥበቅ ያለበት ከእግሩ ጀርባ በኩል፣ ተረከዙን ለመያዝ ነው፤ በጣቶች በኩል ያለው ማሰሪያ ላላ ብሎ መቀመጥ አለበት። ክር ባለው ጫማ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀዳዳዎች ዘሎ ማሰር ብዙ እፎይታ ይሰጣል።

አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ያለ ጫማ መርጦ መግዛት ስለሚከብድ ብዙው የሚመጣው ከውጭ በዘመድ እጅ ነው። ዋሽንግተን ላለ ወንድም ወይም ዱባይ ላለች እህት «42 ላኩልኝ» ብሎ መጻፍ የሰው ገንዘብ ማባከን ነው፤ ከአዲስ አበባ ተመልሶ የሚለወጥ ጫማ የለም። መልእክቱ የቀኙንና የግራውን እግር ርዝመትና ወርድ በሚሊሜትር፣ ፔዳሉ ባለ ሁለት ይሁን ባለ ሦስት ብሎን ክሊት የሚይዝ፣ እንዲሁም «ሰፊ ወርድ ያለው ካልተገኘ ይቅር» የሚል ቃል ይያዝ። ጫማው ሲደርስ ንጣፉ ላይ ቆሞ ይፈተሽ፤ ክሊቱ ከአንጓው ሥር ይታሰር። የመጀመሪያው ጉዞ አጭር ይሁን፤ ክሊቱን አላልቶ ለማስተካከል የሚሆን ባለ 4 ሚሊሜትር መፍቻም ኪስ ውስጥ ይያዝ።